በአይብ የተሞላ የእርሾ ኬክ፣ ለጥምቀት እንግዳ

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ሆቴሉ ሲሞላ ሰው ወደየዘመዱ ይመጣል። እኛም ቤት ከአዲስ አበባ የአጎቴ ልጆች ይመጣሉ። ከባሕር ዳር የባለቤቴ ወንድም ከነቤተሰቡ ይመጣል። ልጆቼ ደግሞ ስማቸውን ገና የምለምደውን ጓደኞች ይዘው ይመጣሉ። ዶሮ ወጡንና ድፎ ዳቦውን ሁሉም ቤት ያውቅበታል። እኔ የምጽፍላችሁ ከቡናው ጋር ስለማቀርበው ነው፦ በእርሾ ኩፍ ያለ፣ ውስጡ አይብ የሞላበት፣ ላዩ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ረጅም ኬክ።

ኬክ ስላልኩ ክሬም የተቀባ የልደት ኬክ እንዳይመስላችሁ። ሊጡ ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ዳቦ ነው። ቡና ውስጡ አይገባም። የቡና ቁርስ ነው።

ሙያው የጀርመኖች ነው። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ጀርመን አስተማሪዎች ከተማችን ውስጥ ነበሩ። እኔ የነርስ ተማሪ ሳለሁ የአንዱ አስተማሪ ባለቤት ይህን ኬክ ስትጋግር አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር። በአገሯ የሚሞላበት ኳርክ የሚባል ለስላሳ አይብ ነው። ላይፕዚግ ባለችበት በሳክሶኒ ኳርክን ከእርሾ ሊጥ ጋር መጋገር የቆየ ልማድ ነው። ሰዎቹም ቡና ወዳድ ናቸው። ታዲያ ጎንደር ላይ ኳርክ ከየት ይመጣል? ሴትየዋ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አይብ ገዛች። እኔም ከዚያ ወዲህ በሌላ ነገር ሞልቼው አላውቅም።

አንዳንድ እንግዶቼ ከውጭ የመጣ ክሬም ቺዝ በስጦታ ያመጡልኛል። ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ፤ ልጆቹ ዳቦ ላይ ይቀቡታል። ለዚህ ኬክ ግን አይብ ይሻላል። ይህን የምለው ውድ ነገር ለመቆጠብ ብዬ አይደለም። አይብ ኮምጠጥ ይላል፣ ቅባቱም ትንሽ ነው። ጣፋጭ ሊጥ ውስጥ ሲገባ አፍ አይሞላም፣ አይከብድም። ከዶሮ ወጥ በኋላ ለሚበላ ነገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃው በደንብ ይውጣ። ከታች የምጽፈው ሁሉ እዚህ ላይ ይመለሳል።

ቀኑን ከጾሙ ጋር ማስማማት

ጥር 10 ከተራ ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት። ከተራ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል። ኬኩ ደግሞ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ አይብም አለበት። ስለዚህ ጋጋሪዋ የምትጋግረው ሳትቀምስ ነው። ስኳሩ በቅቶት እንደሆነ በጣት ጫፍ ማየት የለም። እኔ ሁሉን ነገር በግራም የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። መድኃኒት ስንለካ የኖርን ሰዎች መመዘን አይከብደንም። እናንተም አንዲት ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ፤ ለሌላም ነገር ትጠቅማችኋለች።

ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ካረፈ ግን ጾም ነው። ስለዚህ ጥምቀት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ በሚውልበት ዓመት ግማሹን ብቻ ጋግሩ፣ በዕለቱ ይለቅ። በሌላው ዓመት ሙሉውን ጋግራችሁ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተው ለሚመጡት ማሳደር ትችላላችሁ።

የኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ጥር 9 ማታ አይቡን አንጠለጥላለሁ። ጥር 10 ጠዋት ሊጡን አሻለሁ። ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ሊጡን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ትቼው እወጣለሁ። ሸኝቼ ስመለስ እሞላዋለሁ፣ ማታውን ይጋገራል። ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ፣ ሰው ተረጭቶ፣ ልብሱን እያራገፈ ቤት ሲገባ ኬኩ ለመቆረጥ ዝግጁ ነው።

አይቡ

ከተጠለለ በኋላ 500 ግራም አይብ ያስፈልጋችኋል። ለዚህ ከ700 እስከ 750 ግራም ገዝታችሁ ጀምሩ። የገበያ አይብ ከመቶ 80 ገደማው ውሃ ነው። ይህ ውሃ ኦቨን ውስጥ ይወጣና ከሥር ያለውን ሊጥ ያርሰዋል። ኬኩ ላዩ በስሎ ታቹ ሊጥ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው።

ስትገዙ አሽትቱ። የሚናጥበት ዕቃ በወይራ ጭስ ስለሚታጠን አንዳንዱ አይብ ጭስ ጭስ ይላል። ለክትፎ ወይም ለጎመን ቢሆን እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ለዚህ ኬክ ግን ጭሱ ከስኳር ጋር አይስማማም፤ ሽታው ቀለል ያለውን ውሰዱ። ጤና አዳም የገባበትንም ተዉት። ነጭ፣ ትኩስ፣ ኮምጠጥ ብሎ የማይመር ይሁን። ብጫ ካለው ወይም የሚያሟልጭ ነገር ካለበት አትግዙ፤ ለእንግዳ የሚቀርብ ነው።

ቤት ውስጥ የሚንጥ ሰው ካለ እሰየው። ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረውን አሬራ በለስላሳ እሳት አሙቁት። አታማስሉት፣ አታፍሉትም። ከፈላ አይቡ ድርቅ ብሎ እንደማስቲካ ይሆናል፣ በወንፊትም አያልፍም። ቀስ ብሎ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ከእሳት አውርዱና እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሙቅ እያለ ከቀዳችሁት ይበጣጠሳል።

አሬራ ካላገኛችሁ 3 ሊትር ወተት አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ የ3 ወይም የ4 ሎሚ ጭማቂ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ጠርቶ ሲለያይ በቃው ማለት ነው። ይህኛው ከአሬራው አይብ የበለጠ ቅባት አለው፤ ስለዚህ መሙያው ላይ የምነግራችሁን ቅቤ በግማሽ ቀንሱ።

አሁን ማጥለሉ። ንጹሕ የአቡጀዲ ጨርቅ ቀቅላችሁ ጨምቁት። አይቡን መሐሉ አድርጉ፣ አራቱን ጫፍ እሰሩ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣችሁ ሌሊቱን አንጠልጥሉት። የጥር ሌሊት ጎንደር ላይ ብርድ ነው፣ አይበላሽም። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ ወይም ቆላ ከሆናችሁ ግን ፍሪጅ ውስጥ በወንፊት ላይ አድርጉት። ጠዋት ቆንጥራችሁ በጣታችሁ መሐል ጨመቅ አድርጉት። ውሃ ካልወጣ፣ ጣታችሁ ላይ ግን ከተጣበቀ፣ ደርሷል። ውሃ ካለ ጨርቁን ጠምዝዙት፣ ከባድ ነገር ጫኑበትና አንድ ሰዓት ተዉት።

የወረደውን አጓት አትድፉት። ለሊጡ ይሆናል።

መሙያው

የተጠለለውን 500 ግራም አይብ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ አሳልፉት። ይህን ሥራ ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ። የአይብ ፍርፍር ሳይደቅ ከገባ ኬኩ ሲበላ አሸዋ አሸዋ ይላል። ብሌንደር ያለው በብሌንደር ይምታው፤ ውሃ ግን አይጨመርበትም።

ከዚያ 60 ግራም ለጋ ቅቤ ለስለስ ብሎ፣ 100 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ወይም ሰሞሊና ጨምሩ። 2 እንቁላል ለየብቻ ምቱ። ከተመታው 2 የሾርባ ማንኪያ ለመቀቢያ አስቀሩና ሌላውን ወደ አይቡ ጨምሩ። የአንድ ትልቅ ሎሚ ልጣጭ አረንጓዴውን ብቻ ፈቅፍቃችሁ አስገቡ፤ ነጩ ይመራል። ዘቢብ የሚወድ አንድ እፍኝ ይጨምር።

ቅቤው ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ይሁን። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት የወጥ ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም። ለጋው ከጠፋ የገበታ ቅቤ ይተካዋል። ወተት ስታፈሉ ስልባቦቱን እየገፈፋችሁ የምታስቀምጡ ከሆነም ሦስት አራት ማንኪያ ስልባቦት ከቅቤው ግማሹን ሊተካ ይችላል፤ እኔ ባገኘሁ ቁጥር የማደርገው ይህን ነው።

ለሽታ የማስገባው ኮረሪማ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ተፈልፍሎ፣ ጥቁሯ ፍሬ ብቻ በደንብ ተወቅጣ። ብዙ ሰው ቫኒላ ይጨምራል። ፈሳሹ ቫኒላ በአልኮል የሚዘጋጅ ነው። እኛ ቤት በጥምቀት ቀን አዲስ ዓለም ያሉ ሙስሊም ወዳጆቻችንም እንኳን አደረሳችሁ ብለው ቡና ይጠጣሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ባይገባበት ይሻላል። ደግሞ አይብና ኮረሪማ ድሮውንም ይዋደዳሉ።

መሙያውን ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ሲሞላም አይፈስም።

ሊጡ

500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ አፉ የሞላ ደረቅ እርሾ፣ ወደ 4 ግራም ማለት ነው። 2 እንቁላል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ 3 አድርጉት። 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 100 ሚሊ ሊትር አጓት፣ ሁለቱም ለብ ያሉ። በመጨረሻ 80 ግራም የለሰለሰ ለጋ ቅቤ።

ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ የኬክ አሠራር ላይ ከዚህ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ እርሾ ታያላችሁ። እዚህ አይሠራም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ሊጡ ኩፍ ሲል ደርሷል ብለን እንታለላለን፤ ጣዕሙና ጥንካሬው ግን ገና ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ፍስስ የሚለው እንዲህ ያለው ነው። መፍትሔው እርሾውን መቀነስ፣ ቦታውን ማቀዝቀዝ፣ አንድ ጊዜ ኩፍ ካለ በኋላ ጋዙን አስወጥቶ እንደገና እንዲነሣ መተው ነው። ሌላም ነገር አለ። በበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ዱቄቱም ይደርቃል። ሊጡ ከጠነከረባችሁ እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ አጓት ጨምሩ።

እርሾውን ከሁሉ በፊት ፈትኑት። ለብ ባለው ወተት ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር በትኑትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካልሠራ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ። በበዓል ዋዜማ ሱቁ ሳይዘጋ ማወቅ ይሻላል። ወተቱ ለጣት የሚያቃጥል ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ያህል ሙቀት ይበቃዋል።

ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው አንድ ላይ። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ አጓቱን ጨምሩና አብኩት። ከዚያ እሹት፣ 10 ደቂቃ ያህል። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት ለመነስነስ እጃችሁ ይቸኩላል፤ አትነስንሱ። እያሻችሁ ስትሄዱ ራሱ ይላቀቃል። አሁን ቅቤውን በሦስት ጊዜ ጨምሩ። ሊጡ የተበላሸ ይመስላል፣ ይንሸራተታል። እሹት፣ ይሰበሰባል። ቁራሽ ቆርጣችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ እያላችሁ ዘርጉት። ሳይቀደድ ብርሃን ካሳለፈ ታሽቷል።

ቅቤ የተቀባ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ በላስቲክ ሸፍኑት፣ በላዩ ጋቢ ጣል አታድርጉ። ሙቀት አያስፈልገውም። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ፤ ጣታችሁን ስትከቱበት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ከተመለሰ በቂ ነው። ጋዙን በቡጢ አስወጡ፣ አጣጥፉት፣ እንደገና ሸፍኑትና በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ አኑሩት። እኔ ጋ የሰሜኑ ጓዳ ወለል ነው። ነጠላዬን ለብሼ የምወጣው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቢቆይ አይጎዳውም፤ ጣዕም ያገኛል። ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው፣ ልቡ ይረፍ።

መሙላትና መጎንጎን

ማታ ስትመለሱ ሊጡን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ሁለት ኬክ ይወጣዋል፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ እንግዳ ሲደራረብ ወይም ለጎረቤት የሚላክ። እያንዳንዱን በመዳመጫ 30 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ዳምጡት። ሊጡ እየተሳበ ከተመለሰባችሁ 5 ደቂቃ አሳርፉትና ቀጥሉ። ዘይት የተቀባ ወረቀት ላይ ብትዳምጡት ወደ ፓትራው ማዛወሩ አያስቸግርም።

መሙያውን ግማሹን በመሐሉ ሲሶ ላይ ርዝመቱን ተከትላችሁ ዘርጉ። ከላይና ከታች ሦስት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ግራና ቀኙን በቢላ ሁለት ሁለት ጣት ስፋት ወደ መሐሉ አግድም ሰንጥቁት። መጀመሪያ ጫፍና ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፉ። ከዚያ አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ እያነሣችሁ በመሙያው ላይ አጋድሙት፣ ልክ ሹሩባ እንደምትሠሩ። ልጆቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚሻሙት ይህን ክፍል ነው፤ እንግዳ ልጅ ቤት ካለ ስጡት፣ እጁን ታጥቦ ይሥራ።

አጥብቃችሁ አትጎንጉኑ። በጎንጉኑ መሐል ትንንሽ ክፍተት ይኑር። አይቡ ሲሞቅ እንፋሎት ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ጎኑን ቀድዶ ይፈስሳል።

ሸፍናችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አቆዩት። እዚህ ላይ እጥፍ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ቀሪውን ኦቨኑ ያነሣዋል። ያስቀራችሁትን እንቁላል ከአንድ ማንኪያ ወተት ጋር መትታችሁ ቀቡት። ሰሊጥ ነስንሱበት። የመተማ ሰሊጥ እያለን ከውጭ የመጣ ለውዝ ፍለጋ የሚያስኬድ ነገር የለም። ሰሊጡን አስቀድማችሁ አትቁሉት፣ ኦቨን ውስጥ ይቆላል።

መጋገሩ

ኦቨኑ አስቀድሞ 180 ዲግሪ ይድረስ። ኬኩ በመሐለኛው መደርደሪያ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። ስኳርና ቅቤ ስላለበት ላዩ ቶሎ ይጠቁራል፤ 20 ደቂቃ ላይ እዩና ከቀላ በፎይል ሸፍኑት። መብሰሉን የምታውቁት በላዩ ቀለም አይደለም። በቢላ ጫፍ ከሥር ቀና አድርጋችሁ ታቹን እዩ። ቡናማ መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዱትና 5 ደቂቃ ጨምሩ። አይቡ በክፍተቱ ሲታይ የረጋ፣ ስትነቀንቁት ግን ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ይሁን። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

በከተራ ማታ ሁሉም ቤት ምድጃው በርቷል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ሊጡ እስኪመለስ አይጠብቅም። እኔ ሁልጊዜ ከሰል አዘጋጃለሁ። ድፎ እንደምንጋግረው ላይና ታች እሳት ማለት ነው። ወፍራም ብረት ድስት ወይም ክዳን ያለው ምጣድ ላይ ኮባ አንጥፉ። ሊጡን በዚህ ጊዜ ክብ አድርጋችሁ ዳምጡት፣ አይቡን መሐሉ አድርጉ፣ ዳሩን ወደ መሐል እያጣጠፋችሁ ከላይ ትንሽ ክፍት ተዉት። ፍሙ ከታች ጥቂት፣ በክዳኑ ላይ በዛ ያለ ይሁን። ስኳር ያለበት ሊጥ ከታች ቶሎ ያርራልና ከድፎው ያነሰ እሳት ስጡት። 25 ደቂቃ ላይ ክዳኑን አንሥታችሁ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ40 ደቂቃ አያልፍም። እውነት ለመናገር የኮባው ሽታ ያለበትን እኔ እመርጠዋለሁ። መብራት እያለም ሆን ብዬ በከሰል የምጋግርበት ጊዜ አለ።

ማቅረቡ

ትኩሱን አትቁረጡት። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ያለዚያ አይቡ ይፈስሳል። በወረቀት ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ወይም ብርድ ያለበት ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ከመቅረቡ በፊት ለስለስ ባለ ኦቨን 10 ደቂቃ ብታሞቁት ሊጡ ነፍስ ይዘራል። ጥርስ ባለው ቢላ፣ ሳትጫኑት፣ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡ።

አብሮት ቡና ስታፈሉ ከአቦሉ ጋር አቅርቡት። አቦል ወፍራም ነው፣ ጣፋጩን ይሸከመዋል። በረካ ላይ ቡናው ስለሚቀጥን ኬኩ ያሸንፈዋል። ስኳር በስኒ ለሚጠጡት ትንሽ ቀንሱላቸው፤ ኬኩ ላይ ይበቃቸዋል። ቆሎውና ፈንዲሻው በቦታቸው ይቀመጡ፤ አሮጊቶቹ ከእሱ ጋር ያለባቸውን ልማድ ኬክ ሊነጥቃቸው አይገባም። ለአማቴ ግን መጀመሪያ የምሰጣት የጫፉን ቁራሽ ነው። አይቡ ያነሰበት፣ ዳቦው የበዛበት እሱ ነው፣ ለጥርሷ ይስማማታል። "በሞቴ አንድ ጨምሪ" የሚባለው ለሌላው ነው።

የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ከመሙያው ስኳር ግማሹን ብትቀንሱ ኬኩ አይበላሽም፣ ኮምጠጥ ይላል እንጂ። ከሊጡ ግን ከ80 ወደ 50 ግራም በታች አታውርዱ፤ ይደርቃል። ቅነሳው ጉዳቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቁራሹም ትንሽ ይሁን።

የተረፈ ካለ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌላችሁ በማግሥቱ ጨርሱት፤ አይብና እንቁላል ያለበት ነገር ነውና ጠረጴዛ ላይ ውሎ የሚያድር አይደለም። የደረቀውን ቁራጭ በምጣድ ላይ ያለ ቅቤ በሁለቱም ጎን ጠበስ አድርጉት። የአይቡ ዳር ቀላ ብሎ ስኳሩ ሲያዝ፣ ከሻይ ጋር በሚገባ ይበላል።